ከባሌስትራ የሚወለደው ማረሻ፦ የቀጥቃጩ እጅና የእርሻ ዕቃው ብልሃት

መካነ ሰላም፦ የአምባ መቅደላ ስም ሲነሣ ብረት አብሮ ይነሣል። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚገመት ክብደቱን ይዞ፣ ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተጠረገለት በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ተጎትቷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ መድፉ ለአገሩ ቀረ፤ ዛሬም የሚጎበኘው እዚያው ነው።

በአምባው ዙሪያ በሚገኙት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በተንታ፣ በመቅደላና በአማራ ሳይንት፣ የሕዝቡ ኑሮ የተንጠለጠለበት ብረት ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣው፣ በወናፍና በመዶሻ የሚሠራ፣ በገበያ ቀን መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ ማረሻ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ስለ ሴባስቶፖል ብዙ ጽፏል። ስለ ማረሻው የተጻፈው ግን ከሚያበላው ሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የሚያየው ሁሉ የሚያውቀው ስለሚመስለው ይሆናል።

በሬ ጠምዶ ማረስ በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረ እንደሆነ የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። በትግራይ አምባ ፎካዳ በሚገኘው የድንጋይ ላይ ሥዕል በሬዎች ተጠምደው ሲያርሱ ይታያል። የሥዕሉ ዕድሜ ቢያከራክርም፣ የዛሬ አርሶ አደር ቢያየው ምን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ይህን ያህል ዘመን ሳይለወጥ የቆየን ዕቃ ብዙዎች የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርጉታል። ዕቃውን ፈታትቶ የተመለከተ ሰው ግን እያንዳንዱ ክፍል ስለ ምን እንደዚያ እንደሆነ መልስ ያገኛል።

የዕቃው አካል

የእርሻ ዕቃው አካል በአብዛኛው እንጨት ነው። ከበሬዎቹ ትከሻ እስከ አራሹ እጅ የሚዘረጋው ረጅሙ እንጨት ሞፈር ነው። አራሹ የሚጨብጠው እርፍ ይባላል፤ የታችኛው ጫፉ ሾሎ በብረቱ ማረሻ ውስጥ ይገባል። ከማረሻው ግራና ቀኝ የሚሰለፉት ሁለት ክንፎች ድግር ናቸው። ከፊት ተጠጋግተው ከኋላ ስለሚከፈቱ አፈሩን ወደ ሁለቱም ወገን ይገፋሉ። ድግሩንና ማረሻውን አቅፎ የሚይዘው የብረት ቀለበት ወገል ነው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ምራን ሲሆን፣ ከቀንበሩ ወደ ታች ወርደው የበሬውን አንገት ከግራና ከቀኝ የሚይዙት እንጨቶች ማነቆ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብረት የሆኑት ማረሻውና ወገሉ ብቻ ናቸው። ቀሪው እንጨትና ቆዳ ነው። ሚስማር የለውም ማለት ይቻላል። ክፍሎቹ የሚያያዙት በመዋደድ፣ በሽብልቅና በጠፍር ነው፤ ስለዚህም አንዱ ሲሰበር ሌላውን ሳይነኩ መለወጥ ይቻላል። ሞፈር የተሰበረበት አርሶ አደር ማረሻውን አይጥልም፤ ማረሻው ያለቀበትም ሞፈሩን አይቀይርም።

ዕቃው ቀንበሩን ጨምሮ ክብደቱ በአማካይ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሰው ተሸክሞት ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ይወጣል። ማሳው በሦስት በአራት ቦታ ተበጣጥሶ፣ አንዱ ከቤት ጀርባ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ለሚገኝበት የወሎ ደገኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ክብደቱ ለበሬዎቹም ጉዳይ ነው። የጠመዳ በሬ ለረጅም ሰዓት ሳይደክም ሊስብ የሚችለው ኃይል ከራሱ ክብደት አሥር በመቶ እስከ አሥራ አራት በመቶ ያህል ነው። ሁለቱ በሬዎች አብረው 600 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በእጃቸው ያለው ጉልበት ከ60 እስከ 84 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በሬዎች በጣም የሚከሱት ደግሞ መኖ ባለቀበት፣ በበልጉ መግቢያና በክረምቱ ዋዜማ፣ ማለትም እርሻው በሚበረታበት ጊዜ ነው። ከዚህ ጉልበት ላይ በዕቃው ክብደት የሚባክን እያንዳንዱ ኪሎ ከእርሻው ጥልቀት ይቀነሳል።

በዚህ ረገድ የማረሻው ሠሪ ችግር ከሌላ ዓለም ባለሙያ ችግር ጋር ይመሳሰላል። በአውሮፓ የብስክሌት አካል በእጅ የሚሠሩ አንጥረኞችም የሚጨነቁት ሰው በገዛ ጉልበቱ የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ሳይሰበር እንዴት ማቅለል እንደሚቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ የሬይኖልድስ ቤተሰብ ፋብሪካ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ፣ የብረት ቱቦው ግድግዳ መጋጠሚያው ዘንድ ጫፍና ጫፉ እንዲወፍር፣ ጫና በማይበዛበት መካከሉ እንዲሳሳ የሚያደርግ ነበር። የውጭውን መልክ ብቻ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አይለየውም። የወሎ ቀጥቃጭ ፋብሪካ የለውም፤ ፊደል ያልቆጠረም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማረሻውን በአንገቱ ወፈር፣ እርፉ በሚገባበት አፎት ሳሳ፣ በጫፉ ደግሞ እንዲያልቅ ታስቦ ረዘም አድርጎ ሲያወጣው ያንኑ ሕግ በመዶሻ እየጻፈ ነው።

ከወናፉ ፊት

የዛሬው ማረሻ ብረት ከማዕድን የሚቀልጥ አይደለም። ዋናው ምንጭ ከከተማ የሚመጣ አሮጌ ብረት ሲሆን፣ ከሁሉም የሚመረጠው የመኪና ባሌስትራ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሌስትራ ክብደት ተሸክሞ እንዲታጠፍና ተመልሶ እንዲቃና የተሠራ ነው። በውስጡ ያለው የካርቦን መጠን ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ለቤት ግንባታ የሚውለው ፌሮ የካርቦን መጠኑ ብዙውን ጊዜ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ለመቀጥቀጥ ይቀላል፣ መልኩም ያምራል፤ ነገር ግን ውኃ ቢያጠጡትም የባሌስትራን ያህል አይጠነክርም፤ ድንጋያማ መሬት ላይ ጫፉ ቶሎ ይደንዛል። ሁለቱ ብረቶች ተቀጥቅጠው፣ ጠቁረው ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን በዓይን አይለያዩም። የገዢው ኪሳራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው የሚሠራው በከሰል እሳት፣ በሁለት የቆዳ ወናፍ፣ በጉጠት፣ በመዶሻና በመስፍ ነው። ቀጥቃጩ መለኪያ የለውም፤ ሙቀቱን የሚያውቀው በቀለም ነው። ጥቁር ቀይ የሆነ ብረት ገና ነው፤ በዚያ ሙቀት ቢመታ ውስጡ ይሰነጠቃል። ደማቅ ብርቱካን ሲመስል ለመዶሻ ይታዘዛል። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ መትፋት ሲጀምር ብረቱ መቃጠሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። በአብዛኛው የቀጥቃጭ ቤት ጨለም ያለ መሆኑ ለዚሁ ይረዳል፤ በጠራራ ፀሐይ የብረት ቀለም ያታልላልና።

በመጀመሪያ የሚወጣው አፎቱ ነው። የብረቱ አንድ ጫፍ በመዶሻ ተዘርግቶ ይሳሳል፣ ከዚያም ሁለቱ ጠርዞች እንደ ቀንድ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። አፎቱ ከአፉ ሰፍቶ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። በሬዎቹ በሳቡ ቁጥር መሬቱ ማረሻውን ወደ ኋላ፣ ወደ እርፉ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ዕቃው በሠራ መጠን ራሱን ያጠብቃል። ለዚህ ነው ሚስማር የማያስፈልገው። የታጠፉት ጠርዞች ተገጣጥመው አለመዘጋታቸውንም አንዳንድ ሰው የሥራ ጉድለት ያደርገዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። እንጨት በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። በጠርዞቹ መካከል የቀረችው ክፍተት ለዚህ መተንፈሻ ናት። ብረቱ ሲላላ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ማጥበብ የሚቻለውም በእሷ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ጫፉን ማውጣት ሲሆን፣ የባለሙያው ልክ የሚታወቀው ውኃ በማጠጣቱ ላይ ነው። የጋለ ባሌስትራ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ቢነከር እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ይሰብረዋል። ልምድ ያለው ቀጥቃጭ የሚነክረው ጫፉን ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ከዚያ አውጥቶ ይጠብቃል። በአንገቱ የቀረው ሙቀት ቀስ ብሎ ወደ ጫፉ ይመለሳል፤ ቅርፊቱ በተፋቀለት ቦታ ላይ መጀመሪያ የገለባ፣ ከዚያ የቡና፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ቀለም እየሮጠ ይታያል። ትክክለኛው ቀለም ጫፉ ላይ ሲደርስ ዳግም ይነከራል። በዚህ መንገድ የወጣ ማረሻ ጫፉ ጠንካራ፣ አንገቱ ታዛዥ፣ አፎቱ ለስላሳ ይሆናል። አንዱ ብረት ሦስት ዓይነት ጠባይ ይይዛል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ቀለሙ ካለፈ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

ሲገዙ ምን ይታያል?

ማረሻ በዋጋው ብቻ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በክር አንጠልጥለው በትንሽ ብረት ሲመቱት ጥርት ያለ፣ የሚቆይ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ የለበትም ማለት ነው። የታፈነ ድምፅ ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል። ጫፉን በሞረድ መሞከርም ይቻላል፦ ሞረዱ ከተንሸራተተ ጫፉ ጠንክሯል፤ እንደ ሳሙና ከፋቀው ወይ ፌሮ ነው ወይ ውኃ አልጠጣም። ከዚያ ማረሻውን ወደ ዓይን አቅርቦ ከአፎቱ እስከ ጫፉ በአንድ መስመር መመልከት ያሻል። ጥቂት የጠመመ ማረሻ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ አራሹ በክንዱ፣ አንደኛው በሬ በአንገቱ ዋጋውን ይከፍላሉ።

በቅርብ ዓመታት በከተሞች የኤሌክትሪክ ብየዳ በመስፋፋቱ ተበይደው የተሠሩ ማረሻዎችም ገበያውን ተቀላቅለዋል። ብየዳ በራሱ ክፉ አይደለም። አስቸጋሪው የባሌስትራን ጫፍ ከለስላሳ ብረት ጋር ያለ ጥንቃቄ መበየድ ነው። ብየዳው በነካው አጠገብ ያለው ጠንካራ ብረት በድንገት ግሎ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ይሰባበራል። ማረሻው የሚሰበረው በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጎን በመሆኑ ባለቤቱ ብየዳውን ጎበዝ፣ ብረቱን ሰነፍ ያደርጋል። ቀድሞ ማሞቅና ከተበየደ በኋላ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

የአንድ ማረሻ መሰበር የሚያስከትለውን በጥማድ ማስላት ይቻላል። ጥማድ ሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ሲሆን፣ በተለምዶ አራቱ አንድ ሄክታር ይሆናሉ። ማረሻው አፈር ስለማይገለብጥና በትልሞቹ መካከል ያልታረሰ ወገብ ስለሚተው መሬቱ በመስቀለኛ መንገድ ተደጋግሞ መታረስ አለበት። ከመጀመሪያው እርሻ በኋላ ማየምና መሰለስ የግድ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠይቃል። አራት ጊዜ የሚታረስ አንድ ሄክታር 16 የበሬ ቀን ይፈጃል። የለጋምቦ ደጋ ገብስ ለመዝራት የሚተማመንበት የበልግ ዝናብ ደግሞ አራሹ ማረሻ አሠርቶ እስኪመለስ አይጠብቅም።

እንጨቱና ማስተካከያው

ሞፈር ረጅም፣ ቀጥ ያለና ቀላል እንጨት ይፈልጋል፤ ባሕር ዛፍ አሁን በብዙ ቦታ ይህን ሥራ ወስዷል። ድግር ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ስለሚፋተግ ጠንካራ እንጨት ይሻል፤ ወይራ ለዚህ የተወደደ ነው። ቀንበር ከጥንካሬው ይልቅ ቅለቱና የአንገት መቀመጫው ልስላሴ ይታያል። ጎድጎድ ያለው መቀመጫ በትክክል ካልተጠረበ የበሬው ማጅራት ይቆስላል፣ የቆሰለ በሬ ደግሞ እርሻ በሚበረታበት ሰሞን ይተኛል። የወይራ ዛፍ ከየማሳው ዳር እየጠፋ መሄዱ እንግዲህ ስለ ደን ብቻ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም። ባሕር ዛፍ የድግርን ቦታ ሊተካ ቢሞክርም ቶሎ ይሰነጠቃል።

የዕቃው ረቂቅ ነገር ግን መስተካከሉ ነው። የመጀመሪያው እርሻ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይገባል። በመጨረሻው ዙር 15 እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። አራሹ ይህን የሚለውጠው አዲስ ዕቃ ገዝቶ አይደለም። ምራኑ ሞፈሩን የሚይዝበትን ቦታ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማዛወር ማረሻው መሬቱን የሚነካበት ማዕዘን ይቀየራል። በሽብልቁም ጥቂት ይታረማል፤ የቀረውን የአራሹ እጅ በእርፉ ላይ ይጨርሰዋል። የቆዳ ጠፍሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ማረሻው ሥር ወይም ድንጋይ ሲያገኝ ጥቂት ስለሚለጠጥ ምቱ በቀጥታ ወደ በሬዎቹ አንገት አይደርስም። ጠፍሩን በሰንሰለት የተካ ሰው ጥንካሬ አግኝቶ ይህን ያጣል።

ዘመናዊው ማረሻ ለምን ቀረ?

ይህን ዕቃ ለመተካት ብዙ ተሞክሯል። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በአርሲ የሠራው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በኋላም ሌሎች የምርምር ተቋማት፣ አፈር የሚገለብጡ የብረት ማረሻዎችን አቅርበዋል። በሙከራ ማሳ ላይ ጥሩ ሠርተዋል፤ የመደጋገሙን ብዛት ይቀንሳሉ፣ አረምን ይቀብራሉ። በገበሬው እጅ ግን አብዛኞቹ አልቆዩም። ከበዱ፣ ተወደዱ፣ ለደካማ በሬ አልተመቹም። ከሁሉ በላይ የመንደሩ ቀጥቃጭ ሊጠግናቸው አልቻለም፤ አንድ ብሎን ሲጠፋ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ይቆማል።

የተሻለ ተቀባይነት ያገኙት ነባሩን አካል ያከበሩት ናቸው። በመልካሳ የተሠራው አንዱ ዓይነት እርፉንና ሞፈሩን እንዳሉ ትቶ የሚለውጠው አፈር የሚነካውን ክፍል ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከልም በ1970ዎቹ ለጥቁር አፈር ያዘጋጀው የመደብ ማውጫ መጀመሪያ የተሠራው ሁለት ነባር የእርሻ ዕቃዎችን በማጣመር ነበር። ጃማን በመሰሉ፣ ክረምት ውኃ በሚተኛባቸው የጥቁር አፈር ሜዳዎች ላይ ሰፊ መደብ አውጥቶ ውኃን ማፍሰስ ነባሩ ማረሻ ብቻውን በደንብ የማይወጣው ሥራ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ለዳገትና ለድንጋያማ ማሳ ግን ያለ አድልዎ ወደ ሁለቱም ወገን አፈር የሚገፋው፣ በጠባብ ቦታ ተነሥቶ የሚዞረው ቀላሉ ዕቃ እስካሁን ተወዳዳሪ አላገኘም።

ዕቃው የሚያሰጋው ከፋብሪካ የሚመጣ ተፎካካሪ ሳይሆን የሠሪው መጥፋት ነው። ቀጥቃጭ በወሎም እንደ ሌላው ደጋ «ቡዳ» እየተባለ ሲገለል ኖሯል። ማረሻውን ከእጁ ተቀብሎ ማዕዱን ከእሱ ጋር የማይካፈል ብዙ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ዘልቋል። ልጆች ይህን እያዩ ያድጋሉ፤ ተምረው ወደ ከተማ ሲሄዱም አባታቸው ስለ ብረት ቀለም የሚያውቀው ነገር ሳይጻፍ አብሮ ይቀራል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ብየዳን በስፋት ያስተምራሉ፤ ብረት ማጋልና ውኃ ማጠጣትን ከነባር ቀጥቃጮች ጋር አብሮ ማስተማር ግን ከዚህ የተለየ ወጪ የሚጠይቅ አይመስልም።

የእርሻ ወቅት ሲያልቅ ማረሻው ከእርፉ ወጥቶ፣ ጭቃው ተፍቆ፣ ጥቂት ቅባት ተቀብቶ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢሰቀል አይዝግም። ሞፈሩና ድግሩ ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታ ጠፍጣፋ ሆነው ይቀመጡ፤ ግድግዳ ላይ ጋደል ብሎ የከረመ ሞፈር ይጎብጣል። ጠፍሩ ከአይጥ ይራቅ። ጫፉ ያለቀ ማረሻም እስከ ዘሩ ዋዜማ ሳይቆይ በበጋው፣ ቀጥቃጩ ፋታ ባለው ጊዜ፣ ቢሳል ይሻላል፤ ለመጀመሪያው ዝናብ ሁሉም ሰው ወናፉ ፊት ሲሰለፍ የአንዱም ብረት ተገቢውን ቀለም ለማየት ጊዜ አያገኝም።